የሰንበሌጥ ወንዝ ግዝት

እስቴ፥ ኅዳር 18 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አባ ተክለ ሃይማኖት፥ ኢየሩሳሌም፥

ከሁሉ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሰላም ካሉበት ይድረስዎ። እንደምን ከርመዋል? እኔም፥ ልጄ ሞላም፥ ከብቶቹም፥ አምላክ ይመስገን፥ አለን። ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል።

ይህን ቃሌን የሚጽፉልኝ መሪጌታ ደሴ ናቸው። ከስማዳ መጥተው ቅዱስ ሚካኤልን ማገልገል ከጀመሩ ገና ቅርባቸው ነው። የነገሩን ሥር ስለማያውቁ በየመስመሩ «ይኼ ማነው? ያ ምን ነበር?» እያሉ ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። ስለዚህ እርስዎ የሚያውቁትን ደግሜ ብናገር ለእሳቸው ብዬ ነውና ይታገሡኝ።

ነገሩ የወፍጮው ግድብ ነው። ጣሊያን የወጣ ጊዜ የታች አገር ሰዎች ለሚካኤል የውሃ ወፍጮ ብለው የሰንበሌጥን ወንዝ በድንጋይና በኖራ ገደቡት። በየክረምቱ ከጣና ተነሥቶ፥ በጉማራ አድርጎ፥ እኛ ዘንድ ጠጠር ላይ ዕንቁላሉን ይጥል የነበረው ዓሣ ከዚያ ወዲያ ቀረብን። የላይ አገር ሰው ጎተራው በሚራቆትበት በሐምሌና በነሐሴ ከዓሣ በቀር ምን ነበረው? ግድቡን አፈረሰ፥ የታቹ መልሶ ካበ፥ ደግሞ አፈረሰ። በመጨረሻ ከላዩ ባለቤቴ ጽጌ፥ ከታቹ የእርስዎ ታናሽ ወንድም ይሁኔ እዚያው ግድቡ ላይ ተያያዙና ጽጌ ይሁኔን ገደለው። ሽማግሌ ተቀመጠ፥ የደሙ ካሳ ተቆረጠ። እርስዎም የወንድምዎን ደም ልመልስ ሳይሉ መስቀልዎን አንሥተው፥ «ከዚህ ግድብ ድንጋይ ያነሣ፥ ያነቃነቀ፥ ገዝቼዋለሁ» አሉ። ከዚያም ኢየሩሳሌም ወረዱ። እነሆ እስከ ዛሬ ድንጋዩን የነካ የለም፤ ደምም አልፈሰሰም።

አሁን ግን መካነ ኢየሱስ ከተማ የሞተር ወፍጮ ተተክሎ የላዩም የታቹም እህሉን በአህያ እየጫነ ወደዚያ ይሄዳል። የሚካኤል ወፍጮ ጣሪያው ወድቆ ቤቱ ውስጥ ሣር በቅሏል። ግድቡ ብቻ ያለ ሥራ ቆሟል። ዓሣው መምጣቱን አልተወም፤ እየመጣ ከግድቡ ግርጌ ኩሬው ውስጥ ይታጎራል። የታች ሰዎች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ይበትኑበትና ሰክሮ ሲንሳፈፍ በቅርጫት ያፍሱታል። ትንሽ ትልቅ አይሉም፤ ዕንቁላል የቋጠረውንም አይምሩም። ዓመት በዓመት እየሳሳ ሄዶ ዘንድሮ እነሱም የረባ አላገኙ። እንዲህ ከቀጠለ ለማንም አይተርፍም።

መሪጌታ «ጳጳስ ሊፈታው ይችላል» ይላሉ። አገሬው ግን «ከአባ አፍ የወጣ በአባ አፍ ይመለስ» ብሎ ተቀምጧል። ጽጌም አርፏል። አያቶቻችን እኅትማማች ናቸውና እርስዎን ለመለመን አላፍርም፤ ግዝቱን ይፍቱልን። ከጌታ መቃብር የተባረከ ጧፍም ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

ዘመድዎ አልጣሽ


ኢየሩሳሌም፥ የካቲት 3 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወይዘሮ አልጣሽ፥

የጌታ ቸርነት ከአንቺም ከቤትሽም አይራቅ። እኔ በጸሎታችሁ አለሁ። ደብዳቤሽ ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ፥ ከአዲስ አበባ እዚህ ሲንከባለል ቆይቶ ልደት ካለፈ በኋላ ደረሰኝ።

የዘንድሮ ብርድ ክፉ ነው። የጉና ብርድ በነፋስ ይመጣል፥ ነፋሱ ሲቆም ይቆማል፤ የዚህ አገር ብርድ ግን ከድንጋዩ ውስጥ ስለሚወጣ ማቆሚያ የለውም። ሆዴ የዚህን አገር ዳቦ እሺ አላለም። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ብታገኚ ጥቂት የገብስ በሶ ላኪልኝ፤ ከነጩ ገብስ ይሁን።

ክረምቱ እንዴት አለፈ? የሚካኤል ክዳን ተለወጠ? የወንድሜ የይሁኔ መቃብር አጥሩ አለ ወይስ ከብት ይረግጠዋል? ልጁ አለበልስ አርሶ ይበላል? ይህን ሁሉ ጻፊልኝ። ጧፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

አባ ተክለ ሃይማኖት


እስቴ፥ ግንቦት 9 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አባ ተክለ ሃይማኖት፥

የቀረበልን ሰማይ እንጂ የእርስዎ አገር አልሆነምና በሩቁ እጅ እነሣለሁ። ጧፉ ደረሰኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። በሶውን ከደብረ ታቦር ወደዚያ በሚሄዱ አንድ መነኩሴ እጅ ልኬያለሁ። ገብሱ ነጭ ነው፥ የቆላሁትም እኔው ነኝ። መነኩሴው መንገድ ላይ ካልቀመሱት ሙሉውን ያገኙታል።

ደብዳቤዎን መሪጌታ ደጋግመው አነበቡልኝ። ምናልባት አንድ መስመር ዘለው ይሆናል ብዬ ነው ያስደጋገምኳቸው። ስለ ብርዱ አለ፥ ስለ በሶው አለ፥ ስለ ክዳኑ አለ። ስለ ግዝቱ የለም። መሪጌታ «ይኼንን አልጽፍም፥ አባን መውቀስ ይሆናል» አሉኝ። «ይጻፉ፥ የሚወቅሳቸው የእኔ አፍ ነው» አልኳቸው፥ ጻፉ።

ለጠየቁኝ ልመልስ። የሚካኤል ክዳን አልተለወጠም፤ ያፈሳል። የይሁኔ መቃብር አጥሩ ወድቋል። ሞላ ልጠር ብሎ ተነሥቶ ነበር፤ የገዳይ ልጅ የሟችን መቃብር ሲያጥር ቢታይ ምን ይባላል ብዬ ከለከልኩት። ከልክዬውም እንቅልፍ አልወሰደኝም። አለበል ደህና ገበሬ ወጥቶታል። ገበያ ስንገናኝ ለእኔ ጎንበስ ይላል፥ ሞላን ግን እንዳላየ ያልፈዋል። ክረምት ሲሆን ኩሬው ላይ መጀመሪያ ብርብራ የሚበትነው እሱ ነው።

አሁን ደግሞ መሪጌታ አንድ ነገር አሰቡ። አባ የገዘቱት ያነሣውንና ያነቃነቀውን ነው አሉ። የጨመረውስ? ከግድቡ ግርጌ ጀምረን፥ ግድቡን ሳንነካ፥ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየረደፍን ዓሣው ቀስ እያለ የሚወጣበት እርከን ብንሠራ ግዝቱ ይይዘናል? ይህንን እንኳ ይመልሱልኝ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ለካህናቱ ትቼዋለሁ፤ እኔ የምለው መጀመሪያ ዓሣው ይኑር ነው።

ዘመድዎ አልጣሽ


ኢየሩሳሌም፥ ጥቅምት 21 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወይዘሮ አልጣሽ፥

ዘመኑን የለወጠልን አምላክ የእናንተንም ዘመን የጥጋብ ያድርግላችሁ። በሶው ደርሷል። እኔ እፍኝ ሳልጠግብ ወንድሞቼ መነኮሳት ጨረሱት፤ መረቁሽም።

ክረምቱን ሙሉ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ታምሜ አይደለም፥ ረስቼም አይደለም። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር የምጽፈው ይጠፋኝ ነበር።

አልጣሽ፥ አንቺ የምታዪው የወፍጮ ግድብ ነው። እኔ የማየው በአለበልና በሞላ መካከል የቆመ አጥር ነው። ግዝቱን ብፈታ የመጀመሪያዋን ድንጋይ ማን ያነሣል? የላይ አገር ሰው ቢያነሣት የታቹ «የአባቴ ደም ተረገጠ» ይላል። የታቹ ቢያነሣት «ፈርቶ ነው» ይባላል። ወንድሜን በእጄ ቀብሬያለሁ። ልጁን ለሌላ ሰው እጅ አሳልፌ አልሰጥም፥ ልጅሽንም እንደዚያው። እፈራለሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

የጨመረን ግን አልገዘትኩም። ያን ዕለት ልቤ ድንጋይ ስለሚያነሣ ሰው እንጂ ድንጋይ ስለሚጨምር ሰው አላሰበም። የመሪጌታ ደሴ ብልሃት የቅኔ ቤት ብልሃት መሆኑን ከሩቅ አውቄዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው መካሪ ቢሆን ጥሩ ነው፥ ዳኛ እንዳታደርጉት። ብቻ የላይ አገር ሰው ለብቻው አይሥራው። የታቹ ይጠራ። ባይመጣም ይጠራ። ማን እንደመጣ፥ ማን እንደቀረ ጻፊልኝ። በሶ አልፈልግም፤ የምፈልገው ይህን ነው።

አባ ተክለ ሃይማኖት


እስቴ፥ ሚያዝያ 2 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አባ ተክለ ሃይማኖት፥

ይህችን ደብዳቤ በሁዳዴ መካከል ነው የማስጽፈው፤ ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ።

ማን መጣ፥ ማን ቀረ ብለዋል። የካቲት ላይ ውቂያው አልቆ ወንዙ ሲቀጥን ደቦ ጠራሁ። ጠላውን ጠመቅሁ። የላይ አገር ሰው ከነሚስቱ ወጣ። ለታቹም ሽማግሌ ላክሁ፤ መልእክቱን ሰምተው «እናያለን» አሉ፥ ማንም አልመጣም። አለበል ብቻ መጥቶ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከማዶ ተቀመጠ። ሊያግዝ ይሁን ሊያግድ አላወቅንም።

ግራና ቀኙ ገደል ስለሆነ እርከኑ የሚቆመው በወንዙ መካከል ነው። መሪጌታ አንደኛውን ቀን ራሳቸው እየቆሙ አስካቡት። ድንጋዩ ልሙጥ፥ ደረጃው እኩል፤ እውነቴን ነው፥ ጳጳስ ሊወጣበት ያምራል። ከዚያ የበጋው ቀጭን ውሃ ወረደበት። ውሃው በድንጋዮቹ መካከል ሰምጦ ከግርጌ ወጣ፥ ደረጃው ከላይ ደረቀ። መሪጌታ ደግሞ ጥምጥማቸውን ፈትተው እንደገና ማሰር ጀመሩ። (ይህንን አልጽፍም ብለው ነበር።)

ከማዶ አለበል ተናገረ። «ደረቅ ደረጃ ለማን ነው የምትሠሩት?» አለ። ዱላውን ጥሎ ወረደ። «ዓሣውን እምይዘው እኔ ነኝ፥ እኔን ጠይቁኝ እንጂ። እሚያዘው ከትልቅ ድንጋይ ኋላ ሲያርፍ ነው። ማረፊያ ከሌለው አይወጣም፥ ወርዶ ይቀራል። ይኼን ልሙጥ አንሡና ትልልቁን አምጡ፤ ሥንጥቁን በጭቃና በሰንበሌጥ ሣር ድፈኑት» አለ።

እርከኑ የእኛው ነውና ብናፈርሰው ግዝት አይይዘንም፤ አፈረስነው። አለበልና ሞላ አንድ ድንጋይ ሲያንከባልሉ አየሁ። አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው፥ አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ። በማግስቱ የታች ሰዎች አካፋና ጭቃ ይዘው መጡ። ደስ አለኝ፤ ለምን እደብቅዎታለሁ።

ሥራው አልቋል። አሁን ክረምቱን እንጠብቃለን።

ዘመድዎ አልጣሽ


እስቴ፥ ነሐሴ 12 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አባ ተክለ ሃይማኖት፥

የእመቤታችን ረድኤት አይለይዎ። መልስዎን ሳላገኝ ደግሜ መጻፌ ስላልቻልኩ ነው።

ወንዙ ሐምሌ ላይ ሞላ፥ ደፈረሰ፥ ዓሣውም መጣ። እርከኑን አወቀው፥ አባ። ሲወጣ አየነው። ካንዱ ማረፊያ ወጥቶ ከድንጋዩ ኋላ ጅራቱን እያወዛወዘ ይቆያል፥ ደግሞ ወደሚቀጥለው ይዘላል። የላዩም የታቹም ሰው ዝናብ እየመታው በሁለቱ ዳር ቆመ። ኩሬው ውስጥ ብርብራ የበተነ የለም። አለበል በስልቻው ይዞ መጥቶ ነበር፥ ሁሉም አይቶታል። ስልቻውን መሬት አስቀምጦ ተቀመጠበት።

ከላይኛው እርከን ሲደርስ ግን ዓሣው ቆመ። ግድቡ ጫፍ ላይ፥ በመካከል፥ ቀና ብላ የቆመችውን ድንጋይ ያስታውሷታል። ውሃውን ግራና ቀኝ ትከፍለዋለች፤ ከሁለቱ ጎን እንደ ግንድ ይወረወራል፥ በመካከል ግን ለዓሣው መንገድ የሚሆን አይወርድም። እኛ ወንዙ ሲሞላ ይሸፍናታል ብለን ነበር፤ አልሸፈናትም። ዓሣው ዘሎ ይመታታል፥ ይወድቃል፥ ደግሞ ይዘላል። ሴቱ ሁሉ ፊቱን አዞረ። እኔም አላየሁም ብዬ ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል።

ሞላ አልቻለም። ዳሩን ይዞ ግድቡ ላይ ወጣና ወደዚያች ድንጋይ እጁን ዘረጋ። አለበል ከተቀመጠበት ዘሎ ደርሶ አንጓውን ያዘው። አባ፥ እዚያው ግድቡ ላይ፥ እንደ አባቶቻቸው ተያይዘው ቆሙ። ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ። ሁለተኛ ደም ነው ብያለሁ። ጎርፉ ቢጮህም አለበል ያለውን ሰማነው።

«ተው። አጎቴ የገዘቱት ነው። አንተ እንድትጠፋብኝ አልፈልግም» አለው።

ይዞት ወረደ። ዓሣው እስከ ዛሬ እዚያው ይዘላል። ከእንግዲህ ስለ ግድቡ በሙሉ አልለምንዎትም። የምለምንዎት ስለ አንዲት ድንጋይ ነው።

ዘመድዎ አልጣሽ


ኢየሩሳሌም፥ ጥር 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወይዘሮ አልጣሽ፥

ባሕረ ጥምቀቱን የባረከ አምላክ ወንዛችሁንም ይባርክ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ በአንድ ሳምንት ደረሱኝ። አለበል የሞላን እጅ ያዘ የሚለውን ወንድሞቼ ፊት ማንበብ አቅቶኝ ወደ በዓቴ ገባሁ፥ አለቀስኩ።

ስለዚያች ድንጋይ አንቺም የማታውቂውን ልንገርሽ። ግድቡ ፈርሶ ነበርና ይሁኔ ያቺን ድንጋይ ወደ ቦታዋ ሊመልሳት ተሸክሟት ሳለ ነው የተመታው። እሱን ካነሣነው በኋላ ድንጋይዋ ወንዙ ዳር ወድቃ ቀረች። እኔ ተሸክሜ ወጥቼ ግድቡ ጫፍ ላይ አቆምኳት። እንደሌሎቹ አላጋደምኳትም፥ አቆምኳት፤ ሁሉም እንዲያያት። ከዚያ መስቀሌን አነሣሁ። ግዝቴ ስለ ግድቡ ይመስላችሁ ነበር። ስለዚያች ድንጋይ ነበር።

አሁን እንግዲህ እኔ አባ ተክለ ሃይማኖት በቃሌ ያሰርኳትን አንዲት ድንጋይ በቃሌ ፈትቻለሁ፤ እግዚአብሔርም ይፍታ። ይህ ቃል በሚካኤል ደጀ ሰላም፥ የላዩም የታቹም ሰው ባለበት፥ ይነበብ። ድንጋይዋን አለበልና ሞላ በአንድነት ያንሡአት። ወደ ይሁኔ መቃብር ወስደው ራስጌው ያቁሟት። የቀረው ግድብ እንዳለ ይቆይ፤ ጊዜና ውሃ ያፍርሱት።

ከእንግዲህ ግን ማንንም፥ ምንንም አልገዝትም። ሩቅ አገር የተቀመጠ ሰው ቃሉ ምን እንዳሰረ አያይም። እኔ ሰው አሰርኩ ብዬ ስጸልይ፥ ለካ ዓሣውንም አስሬዋለሁ።

አባ ተክለ ሃይማኖት


እስቴ፥ ነሐሴ 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አባ ተክለ ሃይማኖት፥

እንኳን ከፍልሰታው ፍች አደረስዎ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ሁላችንም ስል የታቾቹንም ጨምሬ ነው።

ቃልዎ ሚያዝያ ላይ ደረሰን። ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ በደጀ ሰላሙ ቆመው አነበቡት። ስለ ይሁኔ የሚናገረው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ነው የጨረሱት። (ይህንንም አልጽፍም ብለው ነበር።) አለበል አባቱ በምን ላይ እንደወደቀ ያወቀው ያን ዕለት ነው። ዱላውን አነሣና «በል እንሂድ» አለ፥ ሞላን ነው ያለው።

ድንጋይዋ ከባድ ነች፤ እርስዎ ብቻዎን እንዴት እንደተሸከሟት አልገባንም። ሁለቱ በሳንቃ አድርገው አወጧት። ከወንዙ እስከ ሚካኤል ዳገቱን ሲወጡ ሌላ ሰው ላግዝ ቢል እምቢ አሉ። ሲደክማቸው አብረው ያሳርፋሉ፥ አብረው ያነሣሉ። ራስጌው አቆሟት። በማግስቱ ሞላ እሾህና ግንድ ጭኖ ሄዶ የመቃብሩን አጥር አጠረ። አሁን አልከለከልኩትም፤ አለበል ነበር እሾሁን የሚያቀብለው።

አሁን የጠበቁትን ልንገርዎ። ዓሣው አለፈ። ድንጋይዋ ከነበረችበት ውሃው በመካከል ተሰብስቦ ይወርዳል፤ ከላይኛው ማረፊያ አንዴ ተወርውሮ ያልፋል። እኔ እርሻዬ ግርጌ፥ ጠጠሩ ላይ፥ ጀርባው ከውሃ ወጥቶ ሲርመሰመስ በዓይኔ አየሁ። ከወጣትነቴ በኋላ ይህን አይቼ አላውቅም። ዘንድሮ ማንም እንዳይዘው የላዩና የታቹ ተማምለዋል፤ ለከርሞ ደግሞ ሲወጣ ሳይሆን ዕንቁላሉን ጥሎ ሲመለስ በመንጠቆ ብቻ ሊይዙ። ብርብራ ይዞ ኩሬው ዳር የሚታይ ሰው ቢኖር መጀመሪያ የሚቆመው አለበል ፊት ነው።

አንዲት ልመና ቀርታኛለች። ከእንግዲህ አልገዝትም ብለዋል፤ እውነትዎን ነው፥ እኔም ሌላ ግዝት አላማረኝም። ነገር ግን የሚካኤል ክዳን ሊሠራ ነው፥ ግድግዳውም ሊጠገን፤ አናጢዎቹ ለመሠረት የሚሆን ድንጋይ እየዞሩ ይፈልጋሉ። ትናንት አንዱ ከይሁኔ ራስጌ ቆሞ ያቺን ድንጋይ በዓይኑ ሲመዝናት ሞላ አይቶታል።

እባክዎን አባ፥ ይህችን አንዲት ድንጋይ ይገዝቱልን።

ዘመዶችዎ
አልጣሽ
ሞላ
አለበል